አንድ ጫማ፣ ሦስት ጠያቂ

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጥናትና ምርምር ነው። ይህን ስል ጣቢያ ልትቀይሩ እጃችሁን የዘረጋችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ወሬያችን የሚነሣው ከሩጫ ነው። ዘመኑን ስጠራ የኛን ከሆነ "ዓመተ ምሕረት" እላለሁ፤ ዝም ካልኩ የአውሮፓውያኑ ነው።

መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም.። አገር ቤት የእንቁጣጣሽ ማግስት ነው፤ የበዓሉ ወጥ ገና ከድስቱ አላለቀም። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ደግሞ ማራቶን ይሮጣል። ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ሮጦ አንደኛ ገባ። ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተከተለው። ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ተሻረ። ደራራ ያደረገው ጫማ የሶሉ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ደንቡ ለጎዳና ሩጫ የሚፈቅደው 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ድሉ ለላንጋት ሆነ።

ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ናት። ለአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ልፋት! ብዙዎቻችን ያኔ ወሬውን ሰምተን "ወይኔ" ብለን አለፍነው። እኔ ግን ይህች ሴንቲ ሜትር ለምርምር የተሠራች ትመስለኛለች። የስፖርት ሳይንስ ሰው ያያትና "ወፍራም ሶል በእርግጥ ያስሮጣል? ምን ያህል?" ይላል። የሕግ ሰው "ድንበሩን ያሰመረው ማን ነው? ሳያውቅ የተሻገረውስ ምን ይሆናል?" ይላል። ታሪክ አጥኚውና የአንትሮፖሎጂ ሰው ደግሞ "ለመሆኑ ጫማ ለሯጭ ምኑ ነው? እስከ ዛሬ ስለ እሱ ስናወራ የኖርነውንስ ማን ነገረን?" ብለው ይጠይቃሉ። በየዩኒቨርሲቲያችን እነዚህ ሰዎች የሚውሉት በተለያየ ሕንፃ ነው፤ ሻይ እንኳ አብረው የሚጠጡ አይመስለኝም። ዛሬ ግን በአንድ ጫማ ዙሪያ ልሰበስባቸው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከላቦራቶሪው ልጀምር። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ቦልደር ከተማ። እዚያ ባለው ዩኒቨርሲቲ ዋውተር ሆግካመር፣ ሮጀር ክራምና ባልደረቦቻቸው በ2017 አንድ ጥናት ይፋ አደረጉ። የሚመረምሩት የናይኪ ኩባንያ ያኔ ገና ይሞክረው የነበረ ጫማ ነው፤ ወፈር ያለ ለስላሳ ስፖንጅ፣ በመሐሉም የካርቦን ዝርግ የተቀበረበት። 18 ወንድ ሯጮች ተመረጡ፤ ሁሉም አሥር ኪሎ ሜትርን ከ32 ደቂቃ በታች መግባት የሚችሉ ናቸው።

አሠራሩን በደንብ ልንገራችሁ፤ የዚህ ሙያ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሯጩ በመሮጫ ማሽን ላይ ይወጣል። የሚተነፍሰው አየር በቱቦ እየተሰበሰበ ምን ያህል ኦክስጅን እንዳስገባ፣ ምን ያህል የተቃጠለ አየር እንዳስወጣ ይለካል። ከዚያ ሰውነቱ በየሰከንዱ የጨረሰው ኃይል ይሰላል። ፍጥነቱ እንዳለ ሆኖ የሚያጠፋው ኃይል ከቀነሰ፣ ሯጩ ቆጥቧል ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ይሮጣል፣ አምስት ደቂቃ ያርፋል፣ ጫማ ይቀይራል። ሦስት ዓይነት ጫማ አለ፤ አንዱ አዲሱ ነው፣ ሁለቱ በወቅቱ ማራቶን ይሮጥባቸው የነበሩ ናቸው። ሦስቱንም ካዳረሰ በኋላ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ለምን? ሰው እየሮጠ ሲሄድ ይሟሟቃል፣ ቆይቶም ይደክማል። ሁልጊዜ አዲሱ ጫማ መጨረሻ ላይ ቢመጣ፣ የሚለካው የጫማው ሥራ ይሁን የሯጩ ድካም አይለይም።

ሌላም ነገር አደረጉ። ጫማ በክብደቱ መቶ ግራም በጨመረ ቁጥር ሯጩ አንድ በመቶ ገደማ ተጨማሪ ኃይል እንደሚያወጣ ቀድሞ የታወቀ ነው። የጫማዎቹ ክብደት ስለሚለያይ፣ ጥቃቅን የእርሳስ እንክብሎች ጨምረው ሦስቱን በሚዛን እኩል አደረጓቸው። እንዲህ ነው ምርምር፤ አንዱን ነገር ለማየት ሌላውን ሁሉ እኩል ማድረግ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በአዲሱ ጫማ ሯጮቹ በአማካይ 4 በመቶ ያነሰ ኃይል አወጡ፤ በሰዓት 14፣ 16 እና 18 ኪሎ ሜትር ሲሮጡም ያው ነው። ስፖንጁ እግር ሲጫነው ከሚውጠው ኃይል 87 በመቶውን መልሶ ያቀብላል። ይህች "4 በመቶ" ወዲያው ከላቦራቶሪ ወጥታ ማስታወቂያ ሆነች። ጫማው ገበያ ላይ ሲወጣ ቁጥሯ በስሙ ላይ ተለጠፈች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ጥናቱን በገንዘብ የደገፈው ራሱ ናይኪ ነው፤ ከጸሐፊዎቹም የኩባንያው ሠራተኞች ነበሩበት። ይህ ተደብቆ የተገኘ ምስጢር አይደለም፤ ጥናቱ ላይ ተጽፏል። ደግሞም ቆይተው ሌሎች ላቦራቶሪዎች ተቀራራቢ ውጤት ስላገኙ ቁጥሩን በዚህ ብቻ መጣል አይቻልም። ግን አንድ ተማሪ ጥናት ሲያነብ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት "ገንዘቡን ማን ሰጠ" የሚለውን መስመር ነው እላለሁ። ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል ነው የሚቀመጠው። ሌላም ችግር አለ። መድኃኒት ሲሞከር ታማሚው እውነተኛውን ይሁን ባዶውን እንክብል እንደዋጠ እንዳያውቅ ማድረግ ይቻላል። ጫማን ግን እንዴት አድርጎ ከእግር ይደብቁታል?

ደግሞ 4 በመቶ የኃይል ቁጠባ ማለት 4 በመቶ የሰዓት መሻሻል አይደለም። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር አየሩ ራሱ ሯጩን ይገፋዋል፤ ከተቆጠበው ኃይል የተወሰነው እሱን ለመጣስ ይጠፋል። ስለዚህ በአንደኛ ደረጃ ሯጮች ፍጥነት ላይ፣ በሰዓት የሚታየው ትርፍ ከ4 በመቶ ያንሳል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ2023 የወጣው ጥናት ነው። ሰባት ዓለም አቀፍ ደረጃ ያላቸው ኬንያውያንና ሰባት አውሮፓውያን አማተር ሯጮች በእነዚህ አዳዲስ ጫማዎችና በድሮው ዓይነት ስስ ጫማ ተለኩ። ከኬንያውያኑ መካከል በአዲሱ ጫማ ከ11 በመቶ በላይ የተጠቀመ ተገኘ፤ ከ11 በመቶ በላይ የተጎዳም ተገኘ። አዎ፣ የተጎዳ! ያው ወፍራም ስፖንጅ፣ ያው የካርቦን ዝርግ፣ ለአንዱ ክንፍ ለሌላው ሸክም። በእነዚህ ሰዎች ላይ አማካዩን ብቻ ብንናገር፣ አንድም ሯጭ በትክክል አይገልጽም።

ታዲያ ደራራ በዚያች ሴንቲ ሜትር ስንት ሰከንድ አተረፈ? ሦስት ሰከንድ? ሠላሳ? ወይስ ጭራሽ ከሰረ? ራሱን ደራራን ማሽን ላይ አውጥቶ፣ በሁለቱም ጫማ አስሮጦ ካልለካ በቀር ላቦራቶሪው መልስ የለውም። ዳኛ ደግሞ ይህን የመጠበቅ ጊዜ የለውም፤ ሽልማቱ በዚያው ቀን መሰጠት አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሕጉ እንሂድ። የዓለም አትሌቲክስ የድሮው ደንብ ስለ ጫማ ሲናገር፣ ጫማ ለሯጩ ተገቢ ያልሆነ እርዳታ ወይም ጥቅም መስጠት የለበትም የሚል ነበር። መልካም አባባል ነው። ግን ተገቢ ያልሆነው የቱ ነው? የሕግ ተማሪዎች ይህን ልዩነት ገና በመጀመሪያው ዓመት ይማሩታል። አንዳንድ ሕግ ሚዛን ይሰጥና ፍርዱን ለዳኛ ይተዋል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን "በቅን ልቦና" የሚለው እንዲህ ያለ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቁጥር ያስቀምጣል፤ 18 ዓመት የሞላው ለአካለ መጠን ደረሰ፣ አንድ ቀን የጎደለው አልደረሰም። የመጀመሪያው ለፍትሕ ይመቻል፣ ለማወቅ ግን ያስቸግራል። ሁለተኛው ለማወቅ ይቀላል፤ አንዳንዴ ግን ጨካኝ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ይህ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2020 የዓለም አትሌቲክስ ከሚዛን ወደ ቁጥር ተሻገረ። የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የካርቦን ዝርጉም ከአንድ አይበልጥም፤ ጫማው ከውድድሩ በፊት ለአራት ወር በገበያ የተሸጠ መሆን አለበት ተባለ። ለምን 40 ሆነ? ለምን 30 አልሆነም? የቁጥሩ አመጣጥ ከሳይንስ ይልቅ ከገበያ ይመስለኛል። ያኔ በየመንገዱ ይሮጥባቸው የነበሩት ዝነኛ ጫማዎች ከመስመሩ ውስጥ ቀሩ፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ደግሞ ናይኪ ሶሉ 39.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አዲስ ጫማ ይፋ አደረገ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ይተርፈዋል። ለመም ውድድር ደንቡ ከዚህ በጣም ይጠብቃል፤ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም ርቀት 20 ሚሊ ሜትር ነው።

ደንቡ ወደ ኋላ አልሄደም። ኬንያዊቷ ብሪጂድ ኮስጌ በጥቅምት 2019 ቺካጎ ላይ በአዲሶቹ ጫማዎች ያስመዘገበችው 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ የሴቶች ክብረ ወሰን በደንቡ ምክንያት አልተሰረዘም። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ያውም እዚያው ቪየና፣ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ጨርሷል፤ በክብረ ወሰንነት ያልተመዘገበው ግን በጫማው ሰበብ አይደለም። ሩጫው ለሌሎች ክፍት ውድድር አልነበረም፤ አሯሯጮቹም እየተፈራረቁ ይገቡ ነበር። የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም የሚለው በሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 22 ያለ መርሕ ነው። የስፖርት ደንብ ወንጀል ባይሆንም፣ ከዚሁ አስተሳሰብ ይቀዳል፤ ትናንት የተፈቀደን ነገር ዛሬ መቅጣት አይገባም።

አሁን ወደ ደራራ። ከውድድሩ በፊት ሯጮች የሚሮጡበትን ጫማ በቅጽ ያስመዘግባሉ። እሱ ያስመዘገበው ደንቡን የጠበቀ ጫማ ነው፤ የሮጠው ግን በሌላ ነው። ሆን ብሎ ይሁን በስሕተት ለውጤቱ መሻር ለውጥ አያመጣም። ብዙ ሰው "ካላወቀ ምን አጠፋ?" ብሎ የሚቆጨው እዚህ ላይ ነው። የሕጉ አስተሳሰብ ግን ሁለት ነገሮችን ይለያል፤ ውጤት መሻር አንድ ነው፣ ሰውን መቅጣት ሌላ ነው። ውጤቱ የሚሻረው ውድድሩ እኩል ስላልነበረ ነው፤ ለዚህ ሐሳብን መመርመር አያስፈልግም። ቅጣት ግን ሐሳብን ይጠይቃል። በዶፒንግም እንዲሁ ነው፤ በአትሌቱ ሰውነት ውስጥ የተከለከለ ነገር ከተገኘ የዚያን ቀን ውጤት ይጠፋል፣ ሆን ብሎ መሆን አለመሆኑ የሚታየው የእገዳው ዘመን ሲወሰን ነው። ልዩነቱ፣ ዶፒንግ በእኛ አገር ከስፖርት ደንብ አልፎ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ውስጥም መግባቱ ነው። በወፍራም ሶል እስር ቤት የሚገባ የለም።

ሳይንስ ፍርድ ቤት ሲቆም ምን እንደሚገጥመው ለማየት የደቡብ አፍሪካዋን የካስተር ሴሜንያን ጉዳይ ባጭሩ ላንሣ። የዓለም አትሌቲክስ በተፈጥሮ ከፍ ያለ ቴስቶስትሮን ያላቸውን ሴት ሯጮች ከ400 ሜትር እስከ አንድ ማይል ባሉ ውድድሮች የሚገድብ ደንብ አወጣ። ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ በ2017 የወጣ ጥናት ነበር። ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን የሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በ2019 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ ደንቡ አድሎ እንዳለበት አምኖ ግን አስፈላጊና ተመጣጣኝ ነው ሲል አጸደቀው። በ2021 የጥናቱ ጸሐፊዎች ራሳቸው፣ ያዩት ዝምድና ምክንያትና ውጤት መሆኑን የሚያረጋግጥ እንዳልሆነ የሚገልጽ ማረሚያ አሳተሙ። በሐምሌ 2025 ደግሞ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት፣ ጉዳይዋ በስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት በቂ ምርመራ ስላላገኘ ፍትሐዊ የመሰማት መብቷ ተጥሷል አለ። ለተመራማሪ ጥናት ማለት ዛሬ የሚታመን፣ ነገ የሚታረም ነገር ነው። ፍርድ ግን አንዴ ከተሰጠ የሰው ዕድሜ ይዞ ይሄዳል፤ የሯጭ ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ያዙልኝ ያልኳችሁ ቀን አለ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም.። የዚያ ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ የሮም ኦሊምፒክን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበት ምሽት ነው። አገሩ በነጋታው አዲስ ዓመትም አዲስ ሕግም ተቀበለች። አበበ የሮጠው ወታደሮች ችቦ ይዘው ባበሩት መንገድ ነው፤ የገባውም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ።

ለምን በባዶ እግሩ ሮጠ? እስቲ ቤት ውስጥ ያላችሁትን ጠይቁ፤ ከሦስት ሰው ሦስት መልስ ባታገኙ! አንዱ የአዲዳስ ሰዎች ካመጧቸው ጫማዎች ለእግሩ የሚሆን ጠፋ ይላል። ሌላው ሮም ላይ አዲስ ጫማ ገዝቶ እግሩን ስለላጠው ትቶት ነው ይላል። ሦስተኛው የአገሩን ጀግንነት ለዓለም ለማሳየት አስቦበት ነው ይላል፤ ለዚህም በአበበ ስም የሚዞር አንድ አባባል አለ። አራተኛም ልጨምር፤ ልምምዱንም በባዶ እግሩ ይሠራ ስለነበር አዲስ ነገር አልሆነበትም።

ታሪክ አጥኚ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚወደውን መርጦ ሌላውን አይጥልም። ማን አለ? መቼ አለ? ነገሩን አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? እንዲህ ቢባል የሚጠቀመው ማን ነው? ብሎ ይጠይቃል። ጫማ ሻጭ የራሱ ፍላጎት አለው። ጋዜጠኛ የሚያምር ታሪክ ይፈልጋል። አገር ደግሞ ጀግና ይፈልጋል። በአበበ ስም የሚዞረውን አባባል የሚጠቅስ ሁሉ የትና ለማን እንደተነገረ ካልጠቀሰ፣ ታሪክ አጥኚው ከጥርጣሬ ጋር ይይዘዋል። የተለያዩት መልሶች ደግሞ የግድ አይጣሉም፤ ጫማው ሊልጠው ይችላል፣ በባዶ እግር መሮጥም ልማዱ ሊሆን ይችላል፣ ካሸነፈ በኋላም ለነገሩ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል።

"በመጨረሻ ሰዓት በሰው ምትክ የገባ ነው" የሚለውም ወሬ በዚሁ ወንፊት ማለፍ አለበት። ከሮም በፊት አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ማራቶን አበበ፣ ቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ሰዓት ሮጦ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በአጋጣሚ ነው የወሰዱት ማለት ይከብዳል። ግን ወሬው ይጣፍጣል፤ ለዚህ ነው የማይሞተው።

እዚህ ላይ የቦልደሩ ላቦራቶሪ ለታሪክ አጥኚው ይደርስለታል። በ2012 ያው ሮጀር ክራም ያለበት ቡድን በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ 12 ሰዎችን በባዶ እግርና በቀላል ጫማ አስሮጦ ለካ። በባዶ እግር መሮጥ ከቀላሉ ጫማ የሚበልጥ ቁጠባ አልሰጠም። እግራቸው ላይ እርሳስ አስረው ክብደቱን እኩል ሲያደርጉት ደግሞ ጫማው በ3 እና በ4 በመቶ መካከል በለጠ፤ ባዶ እግር ሲሆን የጫማውን ማለዘቢያ ሥራ የሚሠራው ጡንቻ ነውና። ስለዚህ "ባዶ እግሩ ነው ያስሮጠው" የሚለው አይቆምም። እግሩን ከነጡንቻው ቢሉ ይሻላል።

የምናስታውሰው አበበ ሁልጊዜ ባዶ እግሩን ነው። ሰውየው ግን ከሮም በኋላ በ1961 ጃፓን ኦሳካ ላይ ሲሮጥ ኦኒትሱካ የሚባሉ ጫማ ሠሪ አሳምነውት የእሳቸውን ጫማ አድርጓል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንት ብቻ ሲሆነው፣ የፑማ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ይፈጥናል። ጫማው ነው ያፈጠነው? መንገዱ ሌላ፣ አየሩ ሌላ፣ የአራት ዓመት ልምምድም አለ። ያ ሁሉ ተቀላቅሎ ሳለ ሦስቱን ደቂቃ ለጫማ ማስረከብ አይቻልም።

ከታሪክ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ጥናት ደግሞ ከላቦራቶሪው ፈጽሞ በተለየ መንገድ ይሄዳል። እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ማይክል ክሮውሊ፣ ራሱም ሯጭ ነው፣ አዲስ አበባ መጥቶ አሥራ አምስት ወር ከሯጮች ጋር ኖረ። በሌሊት ተነሥቶ አብሯቸው በአውቶቡስ ተሳፈረ፤ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ተከትሏቸው ዞረ፤ ሰንዳፋ ሄደ፤ አማርኛ ተማረ። በ2020 ያሳተመው መጽሐፍ ላይ ከሚያነሣቸው ነገሮች አንዱ፣ እዚህ አገር ብቻውን የሚሮጥ ሰው እንደ ቁም ነገረኛ ሯጭ እንደማይታይ ነው። ብቻ መሮጥ ለጤና ነው፤ ሊለወጥ የሚፈልግ ከሰው ጋር ይሮጣል። ጉልበት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ፣ በቡድን የሚጠበቅ ነገር ተደርጎ ይታሰባል። ይህን ይዛችሁ ወደ ቦልደር ተመለሱ። እዚያ ሯጩ አፉ ላይ ቱቦ ተገጥሞለት፣ ግድግዳ እያየ፣ ብቻውን ነው የሚሮጠው። መለኪያው ሲነደፍ ገና ከጅምሩ ሩጫ የአንድ ሰው ሥራ ነው የሚለውን ተቀብሏል። ለዚያ ሥራ ልክ ነው። ግን በእንጦጦ ጫካ የሚሆነውን በሙሉ አይዝም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሦስቱንም ይዘን በርሊን እንሂድ። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ የሴቶችን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨረሰች፤ የኮስጌን ክብረ ወሰን በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሻሻለች። ከኮስጌ በፊት የብሪታንያዋ ፖላ ራድክሊፍ ሰዓት ከ2003 ጀምሮ አሥራ ስድስት ዓመት ሳይነካ ኖሮ ነበር። ትዕግሥት ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ መሸጫው 500 ዶላር ነበር፤ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው 521 ጥንድ ብቻ ነው፤ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን እንዲያገለግል ነው። ጫማው በደንቡ የተፈቀደ ነበር፤ በገበያም ተገኝቷል። ሱሉልታ ወይም በቆጂ ለሚሮጥ ወጣት ግን ተገኝቷል ማለት ነው? ሕጉ በቃሉ ተከብሯል፤ እኩልነቱ ግን የት እንዳለ እኔ አይታየኝም።

የትዕግሥት ሰዓት አበበ ቶኪዮ ላይ ከሮጠው በ18 ሰከንድ ይፈጥናል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ፣ እናንተም ሳታስቡት አትቀሩም፣ "4 በመቶ እንቀንስና እንይ" የሚል ነው። አይሆንም። አራቱ በመቶ የኃይል እንጂ የሰዓት አይደለም። አማካይ ነው፤ ከትዕግሥት እግር የተገኘ ቁጥር አይደለም። የተለካውም በ2017 ከነበሩ ጫማዎች ጋር እንጂ አበበ ቶኪዮ ላይ ካደረገው ፑማ ጋር አይደለም። በርሊን ላይ ወንድ አሯሯጭ ነበራት፤ መንገዱ ሜዳ ነው፤ አሠለጣጠኑም፣ አመጋገቡም ሌላ ዘመን ነው። ከክብረ ወሰን ላይ ጫማን ቀንሶ ሰውን ብቻ የሚያስቀር ሒሳብ የለም። የሚከራከር ይከራከር፤ ግን እኔ የትዕግሥትን ሰዓት የጫማ የሚያደርገው ሰው፣ እንዲህ ያሉ ጫማዎች አድርገው ከኋላዋ የገቡትን ቢያስብ ደስ ይለኛል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ይህን እየሰማችሁ ከሆነ፣ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ማሽንም ላቦራቶሪም አያስፈልገውም። አበበ ከሮም ሲመለስ አዲስ አበባ ላይ ሊቀበሉት የወጡ፣ ያኔ ልጅ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ወደ ሰማንያ ዓመት ተጠግተዋል። አያት፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው ይኖራችኋል። ስልካችሁን ክፈቱና ቅዱ። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ፈቃድ ቅዱ። "የት ቆመው ነበር? ከማን ጋር? ምን ለብሰው?" ብላችሁ ጀምሩ፤ "አበበ ጀግና አልነበረም እንዴ?" ብላችሁ አትጀምሩ፤ እንዲህ ከጠየቃችሁ መልሱን ራሳችሁ ሰጥታችኋል። ሲሳሳቱ አታርሟቸው፤ ስሕተቱም ማስረጃ ነው። "አየሁ" ያሉትን ለብቻ፣ "ሲባል ሰማሁ" ያሉትን ለብቻ ጻፉ። ስለ ባዶ እግሩ ሲያነሡ ደግሞ ማን እንደነገራቸውና መቼ እንደሰሙ ጠይቋቸው። ቅጂውን ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን፣ በሌላ ጊዜ እዚሁ አብረን እናዳምጠዋለን።